ጤፍ ያበቀለው ቤት

ሰፈራችን ቂርቆስ ማጋነን ይወዳል። ስለ ወርቄ ቤት የሚወራውን ብትሰሙ፣ ግድግዳው ላይ ስንዴ በቅሎ ታጭዷል፣ መልአክ በእንስራ ውሃ ሲያጠጣው ታይቷል፣ ሊያፈርሰው የመጣው ጣሊያን እዚያው ታውሯል ይሏችኋል። ውሸት ነው። ስንዴ አይደለም፣ ጤፍ ነው። የታጨደም ነገር የለም። ጣሊያኑም ዓይኑ ደህና ነበር፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ያይ ነበር። ይህን የማውቀው አያቴ አዚዛ ከነገሩ መሀል ስለነበረች ነው። ወርቄንም ራሷን አርጅታ፣ ግን አፏ ሳያረጅ ደርሼባታለሁ። እውነቱ ከውሸቱ ይበልጣል፤ ሰው ለምን እንደሚጨምርበት አይገባኝም።

"የወርቄ ቤት" እንላለን እንጂ ቤቱ የወርቄ አልነበረም። የቀኛዝማች ኃይለገብርኤል ነው። ያሠሩት ደግሞ አባታቸው ፊታውራሪ ገብረክርስቶስ ናቸው። ታችኛው ፎቅ ጥርብ ድንጋይ፣ ላይኛው ጽድና ጭቃ ሆኖ፣ ዙሪያውን ሰፊ የእንጨት ሰገነት ከቦት ተሠራ። ጽዱ ከመናገሻ በሰው ትከሻ ነው የመጣው። አናጢው ህንድ ነበር። ለአንድ በጋ ሊሠራ መጥቶ፣ የሰገነቱን መከታ መቅረጽ ከጀመረ በኋላ ማቆም አቃተው አሉ። የወይን ሐረግ ቀረጸ፤ በሐረጉ መሀል እርግቦች አስቀመጠ። እርግቦቹ ብዙ ናቸው፣ አንዷ ግን ሌላዋን አትመስልም። አንዷ ላባዋን ታበጥራለች፣ አንዷ አንገቷን ቀብራ ተኝታለች፣ አንዷ ጫጩቷን ታጎርሳለች። ፊታውራሪ መጀመሪያ ላይ "ይሄ ሰውዬ እስከ መቼ ነው እርግብ የሚቀርጸው?" እያሉ ይቆጡ ነበር። ኋላ ግን ወንበር አስወጥተው አጠገቡ ቁጭ ብለው ማየት ሆነ ሥራቸው። መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስተዋት ነበራቸው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባ የአዳራሹ ወለል ቀይና አረንጓዴ ይሆናል። እኔ ራሴ ያን ወለል በልጅነቴ ረግጬዋለሁ፣ ጫማዬንም ያወለቅሁት ማንም ሳያዘኝ ነው።

ወርቄ ከቡልጋ ወደዚያ ቤት የመጣችው ልጃገረድ ሆና ነው። ሥራዋ ቤት መለቅለቅና መምረግ ነበር። የታችኛውን ወለል በእበት ትለቀልቃለች፤ የላይኛውን ግድግዳ ክረምት ሊገባ ሲል በጭቃ ትመርጋለች። የጭቃ ቤት በየዓመቱ ካልነኩት ያኮርፋል ትል ነበር። እርግቦቹን ደግሞ ማንም ሳያዛት መስቀል ሲደርስ በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ ትጠርጋለች፣ እየጠረገችም ታወራቸዋለች። የቀኛዝማች ባለቤት ወይዘሮ ሸዋአየሁ ቁጡ ሴት ነበሩ፤ ወርቄን ግን አይቆጧትም። "እሷ የምትነጋገረው ከቤቱ ጋር ነው፣ እኔ ምን አገባኝ" ይሉ ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ ቀኛዝማች ወደ ሰሜን ዘመቱ፤ አልተመለሱም። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የካቲት፣ ከተማው በእሳትና በደም ከታጠበ በኋላ፣ ጣሊያን የመኳንንቱን ቤተሰብ እየለቀመ ወደ ደናኔ፣ ወደ ሶማሌ በረሃ ያግዝ ጀመር። አንድ ቀን የጣሊያን የጭነት መኪና፣ ካሚዮን፣ የወይዘሮ ሸዋአየሁ ደጅ ላይ ቆመ። አንድ ጥቅል ልብስ ብቻ እንዲይዙ ተፈቀደላቸው። ጥቅሉን እንደያዙ ግቢው መሀል ቆሙና ወርቄን ጠሯት።

"ወርቄ፣ ቤቴ እንዳይገቡ። ባሌ በተቀመጠበት የጣሊያን ሶላቶ እንዳይቀመጥበት። ጠብቂልኝ።"

"እምልልዎታለሁ፣ እሜቴ።"

"በማን?"

ወርቄ አሰበች። እናትና አባቷ ሞተዋል፤ ልጅ የላትም። በምድር ላይ የቀራት ሰው አንድ ነው።

"እሜቴ ይሙቱ" አለች።

ዛሬ ይህ መሐላ ረክሷል። የሰፈሬ ልጆች ለአንድ ከረሜላ ሲሉ እናታቸውን በቀን አሥር ጊዜ ይገድላሉ። በዚያ ዘመን ግን እገሌ ይሙት ብሎ የማለ ሰው የዚያን ሰው ነፍስ በእጁ ያዘ ማለት ነው፤ መሐላው ከፈረሰ ሰውየው ይሞታል። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ይህን ያውቃሉ። ራሳቸውን ነቀነቁና ካሚዮኑ ላይ ወጡ። ወርቄ ቤቱንና የእመቤቷን ነፍስ በአንድ እጅ ይዛ ቀረች።

ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ሹማምንት ለመኖሪያ የሚሆን ቤት ፍለጋ በየሰፈሩ ይዞሩ ጀመር። ኋላ ካዛንቺስ የተባለው የሹማምንት ሰፈር ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ስለነበር፣ ያማረ ቤት ያዩ እንደሆነ ባለቤቱን አስወጥተው ይገቡበታል። ከወይዘሮ ሸዋአየሁ ቤት ዝቅ ብሎ ያለው ቤት ተወሰደ፤ ቀጥሎ ከጀርባው ያለው። ወርቄ ሰገነቱ ሥር ቆማ ወደ እርግቦቹ ቀና ብላ አየች። ቤቱን ሊያስወስደው የሚችለው ውበቱ ነው። ውበቱን ከጋረደችው ማን ይፈልገዋል?

ጊዜው ደግሞ ተመቻት። ግንቦት እያለቀ ነው፤ በዚያ ወቅት ከተማው ሁሉ ቤቱን ይመርጋል፤ ጭቃ የሚያቦካን ሰው ማንም አይጠረጥርም። አያቴ አዚዛ ከበቾ በኩል በአህያ ጭድ እያስመጣች ሰንጋ ተራ ለከብት ነጋዴዎች ትሸጥ ነበር። ወርቄ ሄዳ ሁሉንም ጭድ ስጪኝ አለቻት።

"ቤት ነው የምትመርጊው ወይስ አገር?" አለች አዚዛ።

"የምመርገው እንጨት ነው" አለች ወርቄ፣ ነገሩንም በጆሮዋ ነገረቻት። አዚዛ ከዚያ በኋላ አልቀለደችም፤ አህዮቹን ወደ ቂርቆስ አዞረች።

እዚህ ላይ ስሕተቱ ተሠራ። የምርግ ጭቃ የራሱ ሕግ አለው። ጭዱ ከጭቃው ጋር ይረገጥና ይተዋል፤ ይሰነብታል፣ ይብላላል፣ ይሸታል። ጭዱ ውስጥ ያመለጠ ፍሬ ካለ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይበቅላል፤ እንደገና ሲረገጥ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ነው ግድግዳ ላይ የሚወጣው። በዚያ ዓመት ግን ገበሬው ጤፉን የወቃው ጆሮውን ወደ ተኩስ ጥሎ ነበርና ጭዱ ፍሬ እንደያዘ ነው የመጣው። ወርቄም ይህን እጇ ያውቀዋል፤ ጭዱን ስትጨብጥ መዳፏ ላይ ፍሬው ቀርቷል። ግን ሹማምንቱ ከታች መንገድ ደርሰዋል፣ ጭቃው እስኪብላላ የሚጠብቅ ጊዜ የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ወርቄ ጭቃውን በረገጠችበት ዕለት ወደ ሰገነቱ አወጣችው።

የቤቱ ዘበኛ ረጋሳ አብሯት ሠራ። ረጋሳ ትልቅ፣ ዝምተኛ፣ ጌታውን ቀኛዝማችን የሚወድ ሰው ነው። እሱ ያቀብላል፤ እሷ ትለጥፋለች። መጀመሪያ ጫጩቷን የምታጎርሰዋን እርግብ ሸፈነች። እጇ እምቢ ብሏት ነበር፤ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ይዛ ነው የሸፈነችው። አለቀሰችም፤ በሳቅ ተሞልቶ በነበረ ቤት ውስጥ ሬሳ የምትገንዝ መሰላት። ሐረጉ ጠፋ፣ ባለ ቀለም መስተዋቱ በጭቃ ታወረ፣ የድንጋዩ ግድግዳ ጥላሸት ተቀባ። ረጋሳ ደግሞ ሰንጋ ተራ ከሚነግዱ ዘመዶቹ ከብት ተውሶ መጣና አዳራሹ ውስጥ አስገባቸው። ሲጨርሱ ሁለቱም ከግቢው ወጥተው ዞረው አዩት። ያ ሁሉ ዘመን የተለፋበት ቤት የተቃጠለ ጋጣ መስሏል። ረጋሳ "በጣም ሠራሽው" አለ፣ ፊቱንም አዞረ።

ሹሙ ሲመጣ አስተርጓሚው አስመላሽ አብሮት ነበር፤ የሐማሴን ሰው ነው፣ ቀጭን፣ ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ የሚደፋ። ሹሙ በሩን ሲከፍት ከአዳራሹ በሬ አገሳበትና እበት ሸተተው፤ አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ። በዚያው ቅጽበት ከአንዱ መስኮት ላይ ገና ያልደረቀ ጭቃ ቁራሽ ወደቀ። በቦታው ቀይ መስተዋት ብልጭ አለ። አስመላሽ መስተዋቱን አየው፣ ወርቄን አያት፣ ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ሄዶ መስኮቱን በጀርባው ተደገፈ። ሹሙ እስኪወጣ ድረስ ከዚያ አልተነሣም። ሲሄድ የኮቱ ጀርባ ጭቃ ነበር። በጣሊያን እንጀራ የሚያድር ሰው እንዲህ ሊያደርግ ይችላል ብላ ወርቄ አስባ አታውቅም ነበር።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ወርቄ አንድ ጠዋት ግቢውን ልትጠርግ ወጥታ ቀና ስትል ቤቱ አረንጓዴ ሆኗል። የሳር ጭስ የመሰለ፣ ገና ሲያዩት ያለ የማይመስል አረንጓዴ። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ጠነከረ። ሰገነቱ፣ ዓምዶቹ፣ የታወሩት መስኮቶች፣ የጣራው ክፈፍ ሥር ሳይቀር ጤፍ አበቀለ። ነፋስ ሲመጣ ግድግዳው ይነዋወጣል፤ ጠል ሲያድርበት ከጣራ እስከ መሬት ያበራል። ጥላሸት የተቀባው ጋጣ ከቀድሞው ውበቱ የማይተናነስ ሌላ ውበት ለበሰ፤ ይህኛውን ደግሞ ማንም አልቀረጸውም። ወርቄ መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች። ምክንያቱን እሷ ብቻ ታውቀዋለች፤ ጭዱ ነው፣ ችኮላዋ ነው። ቢሆንም ምክንያቱን ማወቋ አንድም ነገር አልቀነሰበትም አለችኝ። አያቴም መጥታ ስታየው "ሱብሐነላህ" ብላ አህያዋን ረስታ ቆመች፤ አህያዋ ከግድግዳው ላይ ልትግጥ ስትል ነው የባነነችው።

ወሬው ወጣ። ሰው ከየመንገዱ እየጎረፈ መጣ። በዚያች ከተማ ያ ሁሉ ሰው አልቆ፣ ቤት ሁሉ ከሰል በሆነበት ዓመት፣ ግድግዳ ለመለመ ሲባል ማን ዝም ብሎ ይቀመጣል? ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ደግሞ ገብርኤል ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላው ውሃ ያወጣበት ቀን ነው። "ያንን ጋን ያቀዘቀዘ ይህንን ማብቀል ያቅተዋል?" እያሉ ሴቶች ደጁን ሳሙ፣ ጧፍ አበሩ።

"እናንተ ሰዎች፣ ጭዱ ነው! ሳይብላላ መርጌው ነው!" ትላለች ወርቄ።

"ዝም በይ፣ አትሳደቢ" ይሏታል።

ተአምር የፈለገ ሰው ስለ ጭድ አይሰማም። ወርቄም እየቆየች መከራከሩን ተወች፤ እውነቱን ለመናገር፣ እሷም አንዳንዴ ሳታስበው ታማትብ ነበር።

መዘዙ አልዘገየም። ከየካቲት ወዲህ አገሬው እንዳይሰበሰብ ተከልክሏል። ካራቢኔሪ የሚባሉት የጣሊያን ፖሊሶች መጥተው ሕዝቡን በዱላ በተኑ። ተከትሎ የሹማምንቱን ቤት የሚያሠራ አንድ መሐንዲስ መጣ። ቤቱን ዞሮ አየ፤ ከብት፣ ጭቃ፣ አረም፣ የጧፍ ቅሪት። በቀይ ቀለም በሩ ላይ ምልክት አደረገና ሄደ። አስመላሽ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ነገራት።

"ይፈርሳል። ሰኞ ሠራተኛ ይዞ ይመጣል።"

"ለምን?"

"ጋጣ ነው ብሎ ነዋ፣ እህቴ" አለ አስመላሽ። "ጥሩ አድርገሽ ነው የደበቅሽው።"

ወርቄ በዚያ ቀን ምግብ አልቀመሰችም። ከሰዓት በኋላ ረጋሳና አዚዛ ከጣራው ክፈፍ ሥር ቁጭ ብለው መከሯት።

"ይፍረስ" አለ ረጋሳ። "የፈረሰ ቤት አይደፈርም። እነሱ ከሚገቡበት አፈር ይብላው። ቀኛዝማችም ቢሆኑ ይህንኑ ነበር የሚሉት።"

"ረጋሳ፣ አንተ ጀግና ነህ፣ ግን ቤት አልሠራህም" አለች አዚዛ። "የተወሰደ ይመለሳል። የፈረሰውን ማን ይመልሰዋል? ያ ህንድ ከመቃብር ተነሥቶ ይቀርጸዋል?"

"ታዲያ ምን ታድርግ?"

"ታሳያቸዋ። ጭቃውን ታንሳና ታሳያቸው። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያፈርሱም። ይገቡበታል እንጂ አያፈርሱትም።"

"መግባታቸውማ ነው ነገሩ" አለች ወርቄ። "እኔ የማልኩት በድንጋይ አይደለም፣ አዚዛ፤ በሰው ነው። በሩን የከፈትኩላቸው ቀን እሜቴ ደናኔ ይሞታሉ።"

አያቴ እስላም ናት፣ ግን መሐላ የሁሉም ነው። ወርቄ ተነሥታ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቅጥሩ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ብዙ ቆየች። መሐላዋን ብትጠብቅ ቤቱ ይፈርሳል፤ እመቤቷ ቢመለሱ የሚገቡበት የለም። መሐላውን ብታፈርስ ቤቱ ይቆማል፤ የሚገቡበት እመቤት የሉም። ሳትወስን ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት መሐንዲሱ ዶማና መዶሻ የያዙ ሠራተኞች አስከትሎ መጣ። ዝናቡ ያካፋል። አንዱ ሠራተኛ ሰገነቱ ላይ ወጣና ዶማውን አነሣ። ያነሣው በየትኛዋ እርግብ ላይ እንደሆነ ወርቄ ታውቃለች። በዚያች ቅጽበት ያሰበችው ስለ መሐላ አልነበረም፤ "አይ" የሚል ድምፅ ብቻ ነው የሰማችው፣ ድምፁም የራሷ ነበር። ደረጃውን ሮጣ ወጥታ ዶማው ሥር ገባች። አስመላሽ "ቆይ!" ብሎ በሁለት ቋንቋ ጮኸ።

ወርቄ ጥፍሯን ከመከታው ጠርዝ ሥር አስገብታ ሳበች። ጭቃውን ፍቃ፣ አጥባ፣ በቀን ሙሉ ልፋት የምታነሣው መስሏት ነበር። ግን የጤፉ ሥር ጭቃውን ከውስጥ ይዞት፣ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ምንጣፍ አድርጎታል። በሳበችው ጊዜ አንድ ላይ ተነሣ። ከነሣሩ፣ ከነጠሉ፣ ከነሥሩ ተገሸለጠና እግሯ ሥር ተጠቅልሎ ወደቀ። እንጨቱ ላይ አንድ ጭረት የለም። ጫጩቷን የምታጎርሰው እርግብ ከዝናቡ ሥር ብቅ አለች፣ ጽዱ ትናንት የተቀረጸ ይመስል ቀልቶ። ወርቄ ሌላውን ሳበች፤ ሐረጉ ወጣ። ቀጥሎ የተኛችው እርግብ። ዶማ ያነሣው ሠራተኛ ዶማውን ጥሎ አብሯት መሳብ ጀመረ፤ ቀጥሎ ሌላው። ማንም አላዘዛቸውም። አረንጓዴው እየተጠቀለለ በወደቀ ቁጥር ከሥሩ ሌላ ክንፍ፣ ሌላ ቅጠል ይወጣል። መስኮቶቹ ሲገለጡ ፀሐይ ከደመና ወጣ አለችና አዳራሹ ውስጥ የቆሙት ከብቶች ቀይና አረንጓዴ ሆኑ። አያቴ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ታይ ነበር። በሕይወቷ መካ ሄዳ ታውቃለች፣ ግን ያን ቀን ያነባሁትን ያህል እዚያም አላነባሁም ትል ነበር። ባይበቅል ኖሮ፣ ያ የችኮላ ጭቃ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ደርቆ፣ ሲፋቅ ሁሉንም ይልጠው ነበር። ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ለዚህ ነው።

መሐንዲሱ ባርኔጣውን አወለቀ። ዝናቡ ራሱ ላይ ይወርድ ነበር፣ አላስተዋለውም። አንድ ነገር ተናገረ።

"ማነው የሠራው ይላል" አለ አስመላሽ።

"ማንም ይሥራው። ባለቤት አላት በለው" አለች ወርቄ።

አስመላሽ ተረጎመ። መሐንዲሱ በሩ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት በራሱ መሐረብ ጠረገው። ከዚያ፣ ወርቄ እንደፈራችው፣ ጫማውን ጠርጎ በበሩ ገባ። እሷ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ነጠላዋን ፈታችና ሰው ለሞተበት እንደሚደረገው ጥበቡን ወደ ላይ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ለቅሶ የተቀመጠችው ለማን እንደሆነ ከአዚዛና ከረጋሳ በቀር ያወቀ የለም።

ቤቱን አንድ ሹም ከነሚስቱ ያዘው። ወርቄ ቤቱን ትታ መሄድ አልሆነላትም፤ ሠራተኛ ሆና ቀረች። ሹሙ የሚያፈሰውን ጣራ አስጠገነ፣ የእንጨቱን ዓምዶች ግን ባንክ አስመሰላቸው፤ ግራጫ ቀለም ቀባቸው። ሰፈርተኛው ባንዳ አላት። ደጁን ስመው ጧፍ ያበሩ ሴቶች ሳይቀሩ መንገድ ላይ ሲያዩዋት ምራቃቸውን ተፉ። ረጋሳም "ሶላቶ የሚገባበትን በር አልጠብቅም" ብሎ ወደ በቾ ወርዶ አርበኞች ጋር ገባ። የሰው ስድብ ወርቄን ምን ያደርጋታል? እሷ እመቤቷን ገድላለች። በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ፣ ካሚዮኑ በመጣበት ቀን ዝክር ታወጣ ነበር፤ ከደናኔ ያመለጠ ሰው መጣ ሲባል ግን ሄዳ አትጠይቅም። አንድ ቃል ከሰማች ያልቅላታል።

በሠላሳ ሦስት መጋቢት መጨረሻ ጣሊያን ከተማውን ለቀቀ። ሹሙና ሚስቱ ቁልፉን በሩ ላይ ትተው ወጡ። ረጋሳ ጎፈሬውን አሳድጎ፣ ጠመንጃ ተሸክሞ መጣና ከግቢው ደጅ ቆመ፤ ወርቄ ምን እንደሚላት ጠበቀች። ቤቱን ከላይ እስከ ታች አየው።

"ቆሟል" አለ። ጠመንጃውን ግድግዳ አስደገፈና "ምን ላቀብልሽ?" አላት።

ያን በጋ ሦስቱ ቤቱን አደሱት። ግራጫውን ቀለም ከዓምዶቹ ላይ በስባሪ ብርጭቆ ፋቁት፤ ከሥሩ ጽዱ ሸተተ። ጠዋት በዚያ ያለፈ ሰው ሁሉ ይቆም ነበር፤ ከፊሉ ሳይጠራ ገብቶ አብሮ ይፍቃል፤ ምራቅ የተፋችው ሴት ሳትቀር ውሃ ተሸክማ መጣች። ወርቄ ለማንም ቂም አልያዘችም፤ ስለ ቂም የሚያስብ ልብ አልነበራትም። በኋለኛው ሰገነት በኩል ያልተነሣው የድሮ ጭቃ ደርቆ ነበርና እሱን በዝናብ ውሃ እያራሰች በላባ አወጣችው። አዚዛ ጭድ አመጣች፤ በዚህ ጊዜ ጭቃው ሰንብቶ፣ ተብላልቶ፣ ሰፈሩን ሁሉ አሽትቶ ነው ግድግዳ ላይ የወጣው።

"ለማን ነው እንዲህ የምትደክሚው?" አላት ረጋሳ አንድ ቀን።

"ለነፍሳቸው" አለች። "ያስገደልኳቸው ይህ ቤት እንዲቆም ነው። ታዲያ መቆሙ ካልቀረ ይመርበት።"

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ካሚዮን ደጁ ላይ ቆመ። ወርቄ መሰላል ላይ ናት፤ እስከ ክርኗ ጭቃ። ከካሚዮኑ አንዲት ራሷ የተላጨ፣ አጥንቷ የወጣ አሮጊት ወረደች። ጥቅል አልያዘችም። በግቢው በር ገብታ መሀል ላይ ቆመችና ወደ ሰገነቱ ቀና አለች፤ ከአንዱ እርግብ ወደ ሌላው ዓይኗ ሲሄድ ወርቄ አየች። እንደዚያ አድርጎ የሚያያቸው ሰው በዓለም ላይ ከአንድ በቀር የለም።

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ነበሩ። ወርቄ ከመሰላሉ እንዴት እንደወረደች አታውቅም። እግራቸው ላይ አልወደቀችም፤ መጀመሪያ በጭቃ እጇ ክንዳቸውን ያዘች፣ ከዚያ ትከሻቸውን፣ ከዚያ ፊታቸውን። ሙቀት አለው። እመቤት እንዲህ አይነካም፤ እሳቸው ግን እጇን አልመለሱም።

"ማን ሞቶብሽ ነው?" አሉ ነጠላዋን አይተው።

"እርስዎ።"

ደረጃው ላይ ተቀመጡና ወርቄ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ጭቃውን፣ ጤፉን፣ ዶማውን፣ በሩን። አላሳጠረችም፣ ራሷንም አላዳነችም። "ሶላቶው በቀኛዝማች ወንበር ተቀምጧል፣ እሜቴ። ያስገባሁት እኔ ነኝ። በእርስዎ ምዬ፣ መሐላዬን አፍርሼ እያወቅሁ ነው የገደልኩዎት" ብላ ጨረሰች።

ወይዘሮ ሸዋአየሁ የደረጃውን እንጨት በእጃቸው ዳሰሱ።

"ደናኔ ሰው በየቀኑ ይረግፍ ነበር" አሉ። "እኔ እዚያ ሆኜ ለነፍሴ አልጸለይኩም፤ ነፍሴን አንቺ ይዘሻታል። ስለት የተሳልኩት ሌላ ነው። ቤቴን እሳት ይብላው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አይቅር፣ እነሱ አይግቡበት ብዬ ነበር የምሳለው፣ ጠዋትም ማታም፣ እስከ መጨረሻው ቀን።" ወደ ላይ፣ ወደ ሐረጉ ቀና አሉ። "እግዜር የእኔን ስለት ትቶ ያንቺን የሐሰት መሐላ ሰማ።"

ከዚያ የወርቄን ትከሻ ተደግፈው ተነሡ።

"በይ ነጠላሽን ገልብጪው" አሏት። "በቁሜ ቀብረሽኝ ይህን ሁሉ ዓመት ከርመሻል፤ ይበቃል።"